ከሩቅ ለሚያይ የተሠራ ግንብ

በመካከለኛው እንግሊዝ፣ ኮትስዎልድስ በተባሉት ኮረብታዎች ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ፣ ከብሮድዌይ መንደር በላይ ባለው ከፍታ አንድ የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ቁመቱ 20 ሜትር ያህል ሲሆን የቆመበት መሬት ከባሕር ጠለል በላይ 312 ሜትር ነው። አካሉ ባለ ስድስት ጎን ነው፤ በሦስቱ ጎኖች ላይ ክብ ማማዎች ተያይዘውበታል፤ አናቱ እንደ ጥንት ምሽግ ጥርስ እያወጣ የተገነባ ሲሆን ከበታቹ አፋቸውን የከፈቱ አስፈሪ የድንጋይ ፊቶች ወደ ታች ይመለከታሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው የትኛው የጦር አለቃ እንዳሠራውና የትኛውን ጠላት ሊመክትበት እንዳሰበ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚህ ግንብ ማንም ተዋግቶበት አያውቅም፤ ለውጊያም ታስቦ አልተሠራም። የተገነባው በ1798 እና በ1799 ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር መኳንንት በምሽግ ውስጥ የሚኖሩበት ዘመን ካለፈ በዚያን ጊዜ ብዙ ቆይቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሕንፃ «ፎሊ» ብለው ይጠሩታል። ቃሉ በተለመደው አነጋገር ሞኝነት ወይም ቂልነት ማለት ሲሆን፣ ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት ይህ ነው የሚባል ጥቅም የማይሰጥ ሕንፃ ሲሠራ ጎረቤት በባለቤቱ ላይ የሚያወጣው ስም ነበር። በፈረንሳይም ባለጠጎች ለመዝናኛ ያሠሯቸው የነበሩ ቤቶች በተቀራራቢ ቃል ይጠሩ ስለነበር፣ በስሙ ውስጥ ከፌዙ ጋር የደስታም ጣዕም አለበት። በአማርኛ ልክ የሚሆንለት ቃል ለማግኘት ያስቸግራል። ማማ ስንል ማሽላው ሲያሽት ወፍና ዝንጀሮ የሚጠበቅበትን ከፍ ያለ መቀመጫ እናስባለን፤ ግንብ ስንል ደግሞ ቤተ መንግሥት ወይም ምሽግ በዓይናችን ላይ ይመጣል። ሁለቱም ቃላት ሥራቸውን ይዘው የተወለዱ ናቸው፤ ጠባቂ የሌለበት ማማ፣ ንጉሥም ወታደርም ያልገባበት ግንብ ለጆሯችን ጎደሎ ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቃሉን እንዳለ ፎሊ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ይሁንና ስሙ ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። ፎሊ ጥቅም የለውም የሚባለው ጥቅሙን በሕንፃው ውስጥ ስለምንፈልገው ነው። ቤት የሚጠቅመው ውስጡ ያለውን ሰው ነው፤ ፎሊ ግን የሚጠቅመው በሌላ ቦታ፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ርቀት ላይ ያለውን ሰው ነው። ሥራው መታየት ነው። የብሮድዌይን ግንብ ታሪክ ለመረዳት ይህን አንድ ነገር መያዝ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የተከተለው ሁሉ፣ ማተሚያ ቤቱም ሠዓሊዎቹም የኑክሌር ጦርነት ዘቦቹም፣ ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአትክልት ቦታ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ባለ ርስቶች ቀደም ሲል በፈረንሳይና በጣሊያን ምሳሌ የተከሏቸውን፣ በመስመር የተሰደሩና በመቀስ የተከረከሙ የአትክልት ስፍራዎች እያፈረሱ፣ ሰው ያልነካው የሚመስል ሰፊ መልክዓ ምድር ማሠራት ጀመሩ። «የሚመስል» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሐይቁ በቁፋሮ የተሠራ፣ ኮረብታው በጋሪ በተጓጓዘ አፈር የተቆለለ፣ ዛፉም በታሰበበት ቦታ የተተከለ ነበር። ከብቶች ወደ ቤቱ ደጃፍ እንዳይመጡ የሚከለክለው አጥር እንኳ ከሳሎን መስኮት እንዳይታይ ተብሎ በጥልቅ ቦይ ውስጥ ይደበቅ ነበር። የዚህ ጥበብ ዋና ባለሙያ ላንስሎት ብራውን ሲሆን፣ ለደንበኞቹ ርስታቸው ለመሻሻል ትልቅ «አቅም» እንዳለው ደጋግሞ ይነግራቸው ስለነበር «ኬፐቢሊቲ» ብራውን የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ዓይን እንዲህ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ በአድማስ ላይ አንድ ነገር፣ የፈረሰ የሚመስል ቤተ ክርስቲያን፣ የግሪክ ቤተ መቅደስ ወይም ግንብ ይተከላል። በሙያው ቋንቋ ይህ «ዓይን ሳቢ» ይባላል፤ ከዓይን ሳቢዎቹም አብዛኞቹ ፎሊዎች ናቸው።

የብሮድዌይ ግንብ የኮቨንትሪ ቤተሰብ ዓይን ሳቢ ነበር። ስድስተኛው የኮቨንትሪ ኧርል ጆርጅ ዊልያም (ኧርል ከመሳፍንት ማዕረጎች አንዱ ነው) በዉስተርሸር አውራጃ ክሩም በተባለው ርስቱ ከ1751 ጀምሮ ብራውንን ቀጥሮ ቤቱንም መሬቱንም እንደ አዲስ አሠርቷል። ብራውን በስፋት ስሙን ያስጠራበት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራም ይኸው ነው። በክሩም ዙሪያ ከአንድ በላይ ዓይን ሳቢዎች አሉ፦ ደንስታል ካስልና ፐርተን ካስል ገና ሲሠሩ ፍርስራሽ መስለው የተሠሩ ናቸው፤ ፓኖራማ ታወር የተባለው ደግሞ ዛሬ ኤም 5 የተባለው አውራ ጎዳና ከፓርኩ ለይቶት ብቻውን ቀርቷል። ከእነዚህ ሁሉ በጣም ሩቁ የብሮድዌዩ ነው፤ ከክሩም ቤት እስከ ግንቡ ያለው ቀጥታ ርቀት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ግንቡን ያሠራችው የኧርሉ ሁለተኛ ሚስት ባርባራ ናት እየተባለ ይተረካል። ግንቡ ከመሠራቱ በፊት ኮረብታው የምልክት እሳት የሚነድበት ቦታ ነበር። በድሮ እንግሊዝ ጠላት ሲመጣ ወይም የደስታ ዜና ሲሰማ በየኮረብታው አናት እሳት እየተለኮሰ ወሬው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይሸጋገር ነበር፤ በ1588 የስፔን የጦር መርከቦች ሲመጡ ማስጠንቀቂያው የተሰራጨው በዚህ መንገድ ነው። ሌዲ ባርባራም በዚህ ኮረብታ ላይ የሚነድ እሳት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከዉስተር ቤቷ ይታይ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጋ ሞከረች፤ በደንብ ታየ፤ ግንቡም ከዚህ የተነሳ ተሠራ ይባላል።

ታሪኩ ያምራል፤ ግን ሲመረመር አንድ ነገር ይጎድለዋል። እሳት ይታይ እንደሆነ ለመፈተን የሚያስፈልገው አንድ ሸክም እንጨትና አንድ ጨለማ ሌሊት እንጂ አርክቴክት፣ ጥርብ ድንጋይና የሁለት ዓመት ግንባታ አይደለም። ትረካው የሚያስረዳው ቦታው ለምን እንደተመረጠ ነው። ሕንፃው ለምን እንደተሠራ ለመረዳት ግን ትንሽ ሂሳብ መሥራት ይሻላል።

መሬት ክብ ስለሆነች ሰው በሜዳ ላይ ቆሞ የሚያየው ርቀት የተወሰነ ነው፤ ከፍ ሲል አድማሱም ይሰፋል። የሚታየውን ርቀት በኪሎ ሜትር ለመገመት፣ የቆሙበትን ከፍታ በሜትር ወስዶ ካሬ ሥሩን ማውጣትና በ3.57 ማባዛት ይበቃል። ዙሪያው ሁሉ እንደ ባሕር ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ፣ በ312 ሜትር ከፍታ ከኮረብታው አናት የቆመ ሰው 63 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል ማለት ነው። ግንቡን ወጥቶ 20 ሜትር ቢጨምርስ? ውጤቱ 65 ኪሎ ሜትር ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ያ ሁሉ ደረጃና ያ ሁሉ ወጪ ለተመልካቹ የጨመረለት 2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። (ሩቅ ያሉ ተራሮች አናታቸው ከአድማስ በላይ ብቅ ስለሚል በጠራ ቀን ከዚህም በላይ ይታያል፤ ይህ ግን ከኮረብታውም ከግንቡም ለሚያይ ሰው እኩል ነው።) ለማየት ቢሆን ኖሮ ኮረብታው ራሱ በቂ ነበር። ግንቡ የተሠራው ኮረብታው እንዲታይ ነው።

ሂሳቡን ከሌላው ጫፍ ብንሠራው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። 20 ሜትር ቁመት ያለው ነገር ከ25 ኪሎ ሜትር ሲታይ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ቁመት ያላትን ነጥብ ከአንድ ሜትር ከሩብ ርቀት ላይ ሆኖ እንደማየት ነው። ጤናማ ዓይን ይህን ማየት ይችላል፤ ግን እንደ ነጥብ ብቻ ነው። ከ35 ኪሎ ሜትር ሲሆን ደግሞ ወደ ዓይን አቅም ጫፍ እንቀርባለን። እንግዲህ ያ የተጠረበ የድንጋይ ፊት፣ ያ በረንዳ፣ ያ የመስኮት ቅርጽ ከክሩም ለሚያይ ሰው ፈጽሞ አይለይም፤ የሚታየው ረጅሙ የኮረብታ መስመር ተቆርጦ በላዩ የቆመች አንዲት ጠቆር ያለች ነጥብ ናት። ነጥቢቱ የምትናገረው ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ቤተሰቡ ከክሩም ሌላ በብሮድዌይ አካባቢ ስፕሪንግ ሂል የተባለ ርስት ነበረው፤ በእራት ሰዓት እንግዳውን ወደ መስኮት ወስዶ «እዚያ ማዶ ያለውም የእኛ ነው» ማለት የሚቻለው ማዶው ምልክት ሲኖረው ነው።

ንድፉን ያወጣው ጄምስ ዋያት ነው፤ ሐሳቡ ግን ቀድሞ ከብራውን የመጣ ነው ይባላል። ብራውን በ1783 ስለሞተ፣ ዋያት በ1794 ንድፉን ሲሠራ ሐሳቡ ከአሥር ዓመት በላይ አድሮ ነበር ማለት ነው። የግንቡ አሠራር በጊዜው «ሳክሰን» ተብሎ ተጠርቷል። ሳክሰኖች ከ1066 በፊት፣ ማለትም ኖርማኖች ከፈረንሳይ መጥተው አገሩን ሳይዙ በፊት፣ እንግሊዝን የገዙ ሕዝቦች ናቸው። ይሁን እንጂ ከዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ግንብ አልተገኘም፤ የመስኮቶቹ ክብ ቅስት የኖርማን እንጂ የሳክሰን ብቻ መለያ አይደለም። ለዋያት ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሁለቱን አሠራሮች በጥንቃቄ ለይቶ የጻፈው ቶማስ ሪክማን መጽሐፉን ያወጣው በ1817 ነውና በ1790ዎቹ የነበረ ሰው ክብ ቅስት ያለውን ሁሉ ሳክሰን ቢል አያስገርምም። ዋናው ነገር ሕንፃው ትክክለኛ መሆኑ ሳይሆን አሮጌ መምሰሉ ነበር።

ዋያት በዚያው ዓመታት ለሌላ ባለጠጋ፣ ለዊልያም ቤክፈርድ፣ በዊልትሸር ፎንትሂል አቢ የተባለ እጅግ ግዙፍ ቤት ይሠራ ነበር። የዚያ ቤት ግንብ ከብሮድዌዩ አራት እጥፍ ይረዝም ነበር፤ መሠረቱ ግን ቁመቱን የሚመጥን አልነበረምና በ1825 ፈርሶ ወደቀ። የብሮድዌዩ ታናሽ ግንብ እስከ ዛሬ መቆሙን ሳስብ፣ በኮረብታ ላይ የተቀመጠ ሕንፃ ቁመቱን ከኮረብታው መዋሱ ምን ያህል እንደጠቀመው ይገባኛል።

ፎሊዎች ሁሉ በአንድ ምክንያት አልተሠሩም፤ ከብሮድዌዩ ጎን ጥቂቶቹን ማየት ይጠቅማል። በሰሪ አውራጃ ሊዝ ሂል የተባለው ኮረብታ ከፍታው 294 ሜትር ነው፤ ሪቻርድ ሃል የተባለ ሰው በ1765 በላዩ ግንብ አቆመ፣ ሲሞትም በኑዛዜው መሠረት ከግንቡ ሥር ተቀበረ። የዛሬው የግንቡ አናት ከአንድ ሺህ የእንግሊዝ ጫማ (305 ሜትር ያህል) በላይ መሆኑን የአካባቢው ሰው በኩራት ይናገራል። በሃሊፋክስ ከተማ ያለው የዌይንሃውስ ግንብ ደግሞ ፎሊ ለመሆን አልታሰበም። በ1871 ሲጀመር የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ እንዲሆን ነበር፤ ሥራው ሳያልቅ ፋብሪካው ተሸጠ፣ አዲሱ ባለቤት የግንቡን ወጪ አልከፍልም አለ፣ የመጀመሪያው ባለቤት ግንቡን ለራሱ አስቀርቶ አናቱን አስጊጦ በ1875 ጨረሰው። ከ400 በላይ ደረጃዎች ያሉት ይህ ጭስ ማውጫ ጭስ ወጥቶበት አያውቅም። በሰሴክስ የብራይትሊንጉ ጆን ፉለር፣ ከቤቱ መስኮት የዳሊንግተን ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ አናት ይታያል ብሎ ተወራርዶ ኖሮ፣ አገሩ ሲመለስ አለመታየቱን ባየ ጊዜ በሜዳው ላይ አናት ብቻ የሚመስል ሾጣጣ ሕንፃ በጥድፊያ አሠራ ይባላል፤ ሕንፃው እስከ ዛሬ አለ። የፉለር ሀብት አብዛኛው በጃማይካ ባሪያዎች ከሚሠሩባቸው የሸንኮራ እርሻዎች የመጣ መሆኑን፣ በፓርላማም ለባርነት ሥርዓት ይከራከር እንደነበር ሳይጠቅሱ ይህን እንደ ቀልድ ብቻ ማውራት ግን ደግ አይመስለኝም። የሾጣጣው ሕንፃ ስም ራሱ «ሹገር ሎፍ» ነው፤ በዚያን ዘመን ስኳር ይሸጥበት ከነበረው የሾጣጣ ቅርጽ የተወሰደ።

ወደ ብሮድዌይ እንመለስ። የኮቨንትሪ ቤተሰብ ዘመን ካለፈ በኋላ ግንቡ ሰር ቶማስ ፊሊፕስ በተባለ ሰው እጅ ገባ። ፊሊፕስ መጽሐፍ የመሰብሰብ ፍቅሩ ወደ በሽታ የተጠጋ ሰው ነበር፤ በዓለም ላይ ካለው መጽሐፍ ሁሉ አንዳንድ ቅጂ እንዲኖረው ይመኝ ነበር። ሲሞት ወደ 60,000 የሚጠጉ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍትና ሰነዶች ትቶ አለፈ፤ ስብስቡን ሸጦ ለመጨረስም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ይህ ሰው ከ1822 ጀምሮ ማተሚያውን በብሮድዌይ ግንብ ውስጥ አስቀመጠ፤ የሰበሰባቸውን ሰነዶች ዝርዝርና ቅጂ በዚያ ያሳትም ነበር። ለማተሚያ ቤት ከዚህ የከፋ ቦታ መምረጥ አስቸጋሪ ነው፤ ወረቀቱም ቀለሙም ሠራተኛውም ነፋስ የማያጣውን ኮረብታ መውጣት ነበረባቸው።

ከፊሊፕስ በኋላ ግንቡን የተከራየው ኮርሜል ፕራይስ የተባለ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር። ፕራይስ የዊልያም ሞሪስና የሠዓሊው የኤድዋርድ በርን ጆንስ የወጣትነት ጓደኛ ስለነበር፣ እነርሱም ለዕረፍት ወደዚያ ይመጡ ነበር። ሞሪስ ገጣሚ፣ የጨርቅና የግድግዳ ወረቀት ንድፍ አውጪ፣ በኋላም የሶሻሊዝም ተሟጋች የነበረ ሰው ነው። ልጁ ሜይ ስለ ግንቡ ኑሮ ስታስታውስ፣ ወንዶቹ ገላቸውን የሚታጠቡት በጣሪያው ላይ እንደነበር፣ ያም ውኃ ሲገኝና ነፋሱ ሳሙናውን ካልወሰደባቸው ብቻ መሆኑን ጽፋለች። ለኑሮ የማይመች መሆኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም፤ እርሷም ብትሆን ያስታወሰችው በፍቅር ነው።

በመስከረም 1876 ሞሪስ በዚህ ግንብ አርፎ ሳለ ስለ አሮጌ ሕንፃዎች አያያዝ ይብሰለሰል ነበር። በዚያው ሰሞን የበርፈርድን ቤተ ክርስቲያን ጥገና አይቶ ተቆጥቷል። ቁጣውን ለመረዳት በዚያ ዘመን «እድሳት» ምን ማለት እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው መቶ ዘመን ተጀምሮ፣ በ14ኛው ተስፋፍቶ፣ በ17ኛው መስኮቱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። የ19ኛው መቶ ዘመን አዳሾች ከእነዚህ ዘመናት አንዱን «እውነተኛው» ብለው ይመርጡና የቀረውን ያፈርሱ፣ አሮጌውን ልስን ይፍቁ፣ ዝናብ የበላውን ድንጋይ አውጥተው በአዲስ ይተኩ ነበር። ሕንፃው ሲያልቅ ያማረ ይሆናል፤ ግን ማንም ያልኖረበት ዘመን ሕንፃ ይሆናል። ሞሪስ ያቀረበው አማራጭ ቀላል ነው፦ ጣሪያው እንዳያፈስ፣ አሸንዳው እንዳይደፈን፣ ግድግዳው እንዳይንድ በየጊዜው መጠገን፤ የጠፋውን ግን እንዳልጠፋ አድርጎ አለማስመሰል። ከግንቡ ሆኖ ስለ ጉዳዩ ደብዳቤ ጻፈ፤ በመጋቢት 1877 ደግሞ የጥንት ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር በለንደን ተመሠረተ። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ በእንግሊዝ በቅርስነት የተመዘገበ ሕንፃ ይፍረስ የሚል ማመልከቻ ሲቀርብ ሕጉ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ ከሚያዝላቸው ማኅበራት አንዱ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሞሪስ ሳይስቅበት አልቀረም ብዬ የማስበው ነገር አለ። ግንቡን የነደፈው ጄምስ ዋያት በሶልስበሪ፣ በሄረፈርድና በደረም ካቴድራሎች ባካሄዳቸው እድሳቶች የተነሳ «አፍራሹ» የሚል ስም የወጣለት ሰው ነው። የአሮጌ ሕንፃዎች ጥበቃ ንቅናቄ የተጠነሰሰው እንግዲህ አሮጌ ሕንፃዎችን በማፍረስ የታወቀ ሰው በሠራው፣ አሮጌ በሚመስል አዲስ ግንብ ውስጥ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን ኮረብታው ወደ ጥንቱ ሥራው፣ አደጋን አይቶ ወደ ማስጠንቀቁ ተመለሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሮያል ኦብዘርቨር ኮር የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት አባላት ከዚህ ሆነው የሚያልፉትን አውሮፕላኖች ይቆጥሩና በስልክ ያስታውቁ ነበር። በሰኔ 1943 ለልምምድ የወጣ የእንግሊዝ ዊትሊ ቦምብ ጣይ በግንቡ አጠገብ ወድቆ የውስጡ ሰዎች አለቁ፤ መታሰቢያቸው በቦታው ላይ አለ።

ከጦርነቱ በኋላ ፍርሃቱ ተለወጠ። ጄት አውሮፕላንና ሚሳኤል ከመጡ በኋላ በዓይን ዓይቶ ማስጠንቀቅ ስለማይቻል፣ ድርጅቱ የኑክሌር ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የት እንደፈነዳ፣ ምን ያህል ኃይል እንደነበረውና ጨረር ያዘለው አቧራ ወዴት እየነፈሰ እንደሆነ እንዲከታተል ተደረገ። ለዚህም በመላ አገሪቱ ከ1,500 በላይ ትንንሽ የምድር ውስጥ ክፍሎች ተቆፈሩ፤ አንዱ ከግንቡ 50 ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ነው። በቀጭን መሰላል ከ4 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ከታች ያለችው ክፍል ርዝመቷ 4 ሜትር ተኩል፣ ወርዷ ከ2 ሜትር ብዙ የማይበልጥ ስትሆን ሦስት ሰዎች እንዲቆዩባት ታስባ የተሠራች ናት።

መሣሪያዎቹ በሚገርም ሁኔታ ቀላል ነበሩ። አንደኛው የፍንዳታውን ግፊት በቱቦ ተቀብሎ በሰዓት መልክ በተሠራ መርፌ የሚያሳይ ነው። ሁለተኛው ከመሬት በላይ የተቀመጠ ነጭ ከበሮ መሰል ዕቃ ሲሆን፣ በአራቱ ማዕዘናት አንዳንድ የመርፌ ቀዳዳ አለው፤ በውስጡ የፎቶግራፍ ወረቀት ተለጥፏል። የቦምቡ ብልጭታ በቀዳዳው ገብቶ ወረቀቱ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱ ያረፈበት ቦታ አቅጣጫውንና ከፍታውን ይነግራል። ከሁለት ወይም ከሦስት ጣቢያዎች የተላኩት አቅጣጫዎች በካርታ ላይ ሲሰመሩ፣ መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ የፍንዳታው ቦታ ነው። ችግሩ ወረቀቱን ለማምጣት ከሦስቱ አንዱ መሰላሉን ወጥቶ ወደ ውጭ ብቅ ማለት ነበረበት። ሦስተኛው መሣሪያ የጨረሩን መጠን ከውጭ በተተከለ መለኪያ እያነበበ በውስጥ ያሳያል። የብሮድዌዩ ጣቢያ በአካባቢው ላሉት ዋና ጣቢያ ነበር፤ ከ1961 ጀምሮ ሠርቶ፣ ድርጅቱ ከዚህ ሥራ በተሰናበተበት በ1991 ተዘጋ። ከነዕቃው ተጠብቀው ከቆዩት ጥቂቶች አንዱ ስለሆነም ዛሬ በአስጎብኚ ይታያል። በአንድ ኮረብታ ላይ፣ በጥቂት እርምጃ ልዩነት፣ አንዱ ከሩቅ እንዲታይ፣ ሌላው በቅርብ እንኳ እንዳይታይ የተሠሩ ሁለት ሕንፃዎች አሉ ማለት ነው።

ግንቡ በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ ውስጥ «ሁለተኛ ደረጃ ባለ ኮከብ» ተብሎ ተመዝግቧል። መዝገቡ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ከላይ አንደኛ ደረጃ፣ በመካከል ይህ፣ ከታች ተራው ሁለተኛ ደረጃ፤ ከተመዘገቡት ሕንፃዎች እጅግ የሚበዙት በታችኛው ላይ ናቸው። መመዝገብ ማለት መንግሥት ሕንፃውን ወሰደው ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ባለቤት ሆኖ ይቀጥላል። ነገር ግን መስኮት ለመለወጥ እንኳ ከአካባቢው ምክር ቤት የተለየ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ያለ ፈቃድ የቅርሱን ጠባይ የሚለውጥ ሥራ መሥራት ወንጀል ነው። በሌላ በኩል ሕጉ ለጥገናው ገንዘብ አያዋጣም። የፎሊዎች ዋና ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የሚኖርበት፣ የሚያከራየው፣ የሚያመርትበት የሌለው ግንብ በነፋስና በዝናብ መካከል ቆሞ በየዓመቱ ወጪ ይጠይቃል። አንዳንዶቹን በ1965 የተቋቋመው ላንድማርክ ትረስት አድሶ ለእንግዳ ማደሪያ ያከራያቸዋል። የብሮድዌዩ ግንብ ደግሞ በግል ባለቤት እጅ ሆኖ በመግቢያ ክፍያ ይተዳደራል፤ በየፎቁ ስለ ማተሚያው፣ ስለ ሞሪስና ስለ ጓደኞቹ የሚናገሩ ክፍሎች አሉት። ከቺፒንግ ካምደን ተነስቶ እስከ ባዝ ከተማ 164 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ኮትስዎልድ ዌይ የተባለው የእግር መንገድም በአጠገቡ ስለሚያልፍ ጎብኚ አያጣም።

ከጣሪያው ላይ ስንት አውራጃ እንደሚታይ ለሚጠይቅ፣ ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው መልስ 13 ነበር፤ አሁን 16 ይባላል። ኮረብታው አላደገም፤ የአስተዳደር ወሰኖቹ ግን ተለዋውጠዋል። ይልቅ ግንቡ ለምን እንደተሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ግንቡ ባይሄድ ይሻለዋል። ዛሬ ናሽናል ትረስት በተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ወደሚተዳደረው ወደ ክሩም ሄዶ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ አየሩ የጠራበትን ሰዓት መርጦ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል አድርጎ፣ የኮረብታውን መስመር በዓይኑ ቀስ እያለ ይከተል። መስመሩ በአንድ ቦታ ላይ፣ በጣም በትንሹ፣ ይቋረጣል።